ስህተቱ በእኔ በኩል ነበር

ይሄን ጽሑፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ነው የከረምኩት። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። መጨረሻ ላይ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለ። ይቅርታውን ብቻ ብጽፍ በሁለት መስመር ያልቅ ነበር። ግን ስሙን ያነሳሁት ሰው ፊት ስለሆነ፣ እንዴት እንደተሳሳትኩም ሰው ፊት መናገር አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ደግሞ ከድሮ ተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ አሁን ኔትወርክ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ከእኔ ስህተት የምትወስዱት ነገር አይጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሁለት ግቢ አለው። ዋናው ግቢ ታች መሀል ደሴ ነው። እኔ ያለሁበት ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ ጦሳ በኩል አቀበቱ ላይ። በባጃጅ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። የተማሪዎች ማርክ፣ ሮስተር፣ ትራንስክሪፕት ያለበት ሰርቨር ዋናው ግቢ ሪከርድ ኦፊስ ውስጥ ነው። ድሮ የእኛ ግቢ ማርክ በፍላሽ ተገልብጦ በባጃጅ ነበር የሚወርደው። ፍላሹ ሲመለስ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜማ የ9ኛ ክፍል የሦስት ሴክሽን ማርክ ባጃጅ ውስጥ ተረስቶ ባለባጃጁን ስንፈልግ አመሸን።

አምና ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ግቢ በቪፒኤን ለማገናኘት ወሰነ። ሥራውን የወሰደው እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ባይነሪን ወደ ዴሲማል መቀየር፣ አይፒ አድራሻ ምን ማለት እንደሆነ መጀመሪያ የሰማው ከእኔ ነው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በዲግሪ ተመረቀ፣ ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ከጓደኛው ጋር ትንሽ ሱቅ ተከራይቶ ኔትወርክ መዘርጋት ጀመረ። ስሙን አልጠቅስም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

እኔ እንደምታውቁት ዲፕሎማ ነኝ። ዲግሪውን ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ አቋርጬዋለሁ፤ ምክንያቱ ለሌላ ቀን ይቆየን። ይሄን የማነሳው ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ በኋላ ለሆነው ነገር ሥሩ እሱ ስለሆነ ነው። ያስተማርኩት ልጅ ከእኔ በላይ አውቆ ሲመጣ ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው። ግን ደስታው ውስጥ አንድ ትንሽ እሾህ ነበረች።

ልጁ በሁለቱም ግቢ አንዳንድ ማይክሮቲክ ራውተር ተከለ። የዋናው ግቢ የውስጥ ኔትወርክ 192.168.10.0/24፣ የእኛ 192.168.20.0/24 ሆነ። በመሀላቸው በአይፒሴክ የተመሰጠረ ታነል ዘረጋ። ሠራ። ፍላሽ ቀረ፣ ባጃጅ ቀረ። ለሁለት ወር ያህል አንድም ቀን ሳያስቸግረን።

አሁን ኔትወርክ ለማታውቁ ወዳጆቼ በፖስታ ላስረዳ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ 100 ሠራተኛ አለ፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ግን አንድ ነው እንበል። ሠራተኞቹ የቢሮ ቁጥር አላቸው። ነገር ግን ደብዳቤ ላይ «ላኪ፦ ቢሮ ቁጥር 20» ብለው ውጭ ቢልኩ መልሱ አይመጣላቸውም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ቢሮ ቁጥር 20 አለና። ስለዚህ በር ላይ ያለችው ጸሐፊ የላኪውን ቢሮ ቁጥር ትሰርዝና የመሥሪያ ቤቱን ፖ.ሣ.ቁ. ትጽፍበታለች። ማን ምን እንደላከ በመዝገቧ ትይዛለች። መልሱ ሲመጣ መዝገቧን አይታ ለባለቤቱ ታደርሳለች። በእኛ ቋንቋ «ናት» የሚባለው ይሄ አድራሻ የመቀየር ሥራ ነው። ክፍል ውስጥ ስናገረው ተማሪ ሁሉ «ማን ናት?» እያለ ይስቅብኛል። ይቺ ጸሐፊ ናት እላቸዋለሁ።

ለምን አስፈለገች? የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻ 32 ቢት ነው። ሁሉም ቢደመር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለዓለም አይበቃም። አድራሻ የመቀየሩ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1994 በሰነድ ወጣ። በ1996 ደግሞ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት እና በ192.168 የሚጀምሩት ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ተለዩ። እነዚህ ውጭ ኢንተርኔቱ ላይ መንገድ የላቸውም። ስለዚህ ነው ያንተም ቤት፣ የጎረቤትህም ቤት፣ የእኛም ትምህርት ቤት 192.168 የሚሉት።

ታነሉ ደግሞ እንደ ፈተና ወረቀት የታሸገ ከረጢት ነው። የሚያሽገው ሰውዬ መመሪያ አለው፦ «ላኪው ከ192.168.20፣ ተቀባዩ ከ192.168.10 የሆነውን ብቻ ወደ ከረጢቱ አስገባ።» ጣጣው ያለው ሁለቱ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ነው። ራውተሩ ውስጥ ጸሐፊዋ ከአሻጊው ቀድማ ነው የምትቀመጠው። የላኪውን አድራሻ ከቀየረችው አሻጊው ያየውና «ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ ወደ ተራ ፖስታ ይለቀዋል። ተራው ፖስታ ደግሞ 192.168.10 የሚባል አገር አያውቅም። ደብዳቤው መንገድ ላይ ይቀራል። ብዙ ጊዜ «አልደረሰም» የሚል መልስ እንኳን አይመጣም።

ስለዚህ ለጸሐፊዋ ከሁሉም በፊት አንድ ትእዛዝ መስጠት ግድ ነው፦ «ወደ ዋናው ግቢ የሚሄደውን አትንኪው፤ እንዳለ አሳልፊው።» ልጁ ይሄን ሩል አንደኛ ላይ አስቀምጦት ነበር። ምክንያቱም ሩሎች ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበቡት። መጀመሪያ የገጠመው ይፈጸማል፤ ከሱ በታች ያለው አይታይም።

እንግዲህ ወደ እኔ ጥፋት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለግቢያችን አዲስ ላብ ተከፈተ፤ 25 ኮምፒውተር። 192.168.30.0/24 ሰጠሁት። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ተገናኙ፣ ኢንተርኔት ግን እምቢ አለ። ልጁ የማስከሬድ ሩሉን የጻፈው ለ192.168.20 ብቻ ስለነበር ነው። ዓርብ ከሰዓት አንድ አዲስ ሩል ጨመርኩ፦ በኢንተርኔቱ በር የሚወጣ ሁሉ አድራሻው ይቀየር። ኮሜንቱ ላይ «ላብ ኢንተርኔት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ለእርግጠኝነት ብዬ በማውስ ጎትቼ ከሁሉም በላይ አስቀመጥኩት። ምንም አያስፈልግም ነበር፤ ታችም ሆኖ ይሠራ ነበር። በቃ «ላይ ያለ ይሰማል» ብዬ ነው። ኢንተርኔቱ ሠራ፣ መምህራኑ አጨበጨቡልኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ ማታ ምንም አልሆነም። የእኛ ሪከርድ ኦፊስ ያለችው እህታችን እስከ 11 ሰዓት ማርክ ስታስገባ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ኮምፒውተሯን ስትከፍት ሰርቨሩ የለም።

ዊንቦክስ ከፍቼ አየሁ። ታነሉ ተነስቷል፤ ሁለቱም በኩል ተስማምተዋል። ዋናው ግቢ ላለው ባልደረባዬ ደውዬ «የእኛን ፕሪንተር ፒንግ አድርግልኝ» አልኩት። «ይመልሳል» አለኝ። ከእኛ ወደ ሰርቨሩ ስሞክር ግን ሪኩዌስት ታይምድ አውት፣ ሪኩዌስት ታይምድ አውት። እዚህ ጋ ደመደምኩ፦ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፣ ከላይ ወደ ታች አይገባም፤ ስለዚህ የተቆለፈው የታችኛው በር ነው። የታችኛውን ፋየርዎል የሠራው ደግሞ ልጁ ነው። አመክንዮው ያማረ አይደል? እኔም አምሮብኝ ነበር።

ደወልኩለት። ሲመልስልኝ የተናገረው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

«ቲቸር፣ በእርስዎ በኩል ሰሞኑን የተጨመረ ነገር አለ? የናት ሩሎቹን ቅደም ተከተል አንዴ ቢያዩልኝ።»

«አይፒ ምን እንደሆነ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። አሁን ናትን ልታስተምረኝ ነው?»

ትንሽ ዝም አለ። «እሺ ቲቸር» አለ። በማግስቱ ዋናው ግቢ ሄዶ የራሱን በኩል ሲፈትሽ ዋለ፤ ምንም አላገኘም። ወደ እኛ ራውተር ገብቶ እንዳያይ ደግሞ ፓስወርዱን እኔ ቀይሬዋለሁ። ላቡን ስሠራ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ኃላፊነት ነው» ብዬ። አልሰጠሁትም። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ርዕሰ መምህሩ ምንድነው ችግሩ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ስታፍ ሩም ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጁ በደንብ አልሠራውም» አልኩ። ሦስት ቃል። የመጨረሻው ክፍያ ታገደበት። እኛም ወደ ፍላሽና ባጃጅ ተመለስን። አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ኮምቦልቻ ሊያዛውሩ የትራንስክሪፕት ወረቀት ለመውሰድ ሦስት ቀን ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ሲጠብቁ አይቼ «ኔትወርክ ነው እማማ፣ ታገሱን» ብዬ አለፍኩ። በአገራችን «ኔትወርክ ነው» ከተባለ ጠያቂ የለም።

አራት ሳምንት ሄደ።

አንድ ሐሙስ፣ ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ ለ11ኛ ክፍል ስለ ናት የማሳየው ስክሪንሾት ፈልጌ ራውተሩን ከፈትኩ። ልብ በሉ፤ ችግር ልፈልግ አይደለም የከፈትኩት። ባለፈው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ራውተሩ እንደገና ስለተነሳ የፓኬት ቆጣሪዎቹ ከዜሮ ጀምረዋል። ከእያንዳንዱ ሩል ጎን ስንት ፓኬት እንደነካው ይጽፋል። ከላይ አንደኛው ላይ ያለው ሩል ቁጥሩ ይሮጣል። ከሱ ሥር ያለው የልጁ ሩል፣ «ወደ ዋናው ግቢ የሚሄደውን አትንኪ» የሚለው፣ ዜሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ሪከርድ ኦፊስ ሰርቨሩን ሲሞክር ውሎ ዜሮ። ከላይ ያለውን ኮሜንት አነበብኩት፤ «ላብ ኢንተርኔት»።

ሰውነቴ ቀዘቀዘ። የጦሳ ብርድ አልነበረም።

ለማረጋገጥ ወደ ሰርቨሩ የማያቋርጥ ፒንግ አስጀመርኩና የኮኔክሽን ሰንጠረዡን ከፈትኩ። የእኔ ኮምፒውተር ወደ 192.168.10.5 እየላከ ነው። መልሱ የሚጠበቅበት አድራሻ ግን 192.168.20 አይደለም፤ የውጭው የኢንተርኔት አድራሻችን ነው። ጸሐፊዋ ቀይራዋለች። በእኔ ትእዛዝ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ዓርብ ማታ ለምን ሠራ? ጸሐፊዋ የምትወስነው ንግግር ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ፓኬት ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። የተጀመረ ንግግር እስኪዘጋ ድረስ በመዝገቡ በተያዘለት ይቀጥላል። እህታችን ፕሮግራሙን ጠዋት ነበር የከፈተችው፤ የእኔን አዲስ ሩል አላገኘውም። ሰኞ ግን አዲስ ንግግር ሆነ። ከታች ፕሪንተሩ ፒንግ ሲደረግ ለምን መለሰ? ንግግሩን የጀመሩት እነሱ ናቸዋ። በከረጢቱ ገብቶ ሳይቀየር በመዝገብ ተያዘ፤ መልሱም ሳይቀየር ተመለሰ። «ያማረው» አመክንዮዬ የተሠራው በዚህ ላይ ነበር። አንድ አቅጣጫ ብቻ መሥራቱ የሚያሳየው የታችኛው በር መቆለፉን ሳይሆን እኛ የምንጀምረው ንግግር መበላሸቱን ነበር።

ሩሉን ጎትቼ ወደ ታች አወረድኩት። ፒንጉን አየሁ። ሪኩዌስት ታይምድ አውት። አሁንም። አሁንም። እና አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ፦ ለአፍታ ደስ አለኝ። «ተመስገን፣ እኔ አይደለሁም» አልኩ። ልጆች ወረቀታቸውን እየጠበቁ፣ እኔ ቪፒኤኑ ባለመሥራቱ ደስ አለኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ፒንጉ ሳይቋረጥ ስለቆየ የድሮው መዝገብ አልተዘጋም። በድሮው ውሳኔ እየቀጠለ ነው። ያንን መስመር ከሰንጠረዡ ላይ አጠፋሁት።

ሪፕላይ ፍሮም 192.168.10.5።

ዘበኛችን መስኮቱን ቆርቆር አድርጎ «መምህር፣ ልቆልፍ ነው» አለኝ። «ቆልፍ፣ መጣሁ» አልኩት፤ ግን ትንሽ ቆየሁ።

ለሙያው ሰዎች፣ በተለይ አሁን ጀማሪ ለሆናችሁ፣ ከዚህ የተማርኩትን ላስቀምጥ፦

1. ታነሉ ተነስቷል ማለት ዳታ ያልፋል ማለት አይደለም። የሚወጣውና የሚገባው ባይት ሁለቱም እያደገ መሆኑን እዩ። እናንተ ስትልኩ የሚወጣው ካልጨመረ ፓኬቱ ከረጢቱ ውስጥ አልገባም ማለት ነው፤ ችግሩ እናንተ ጋ ነው።

2. የናት ሩሎችን ቅደም ተከተል በሁለቱም በኩል እዩ። «አትንኪ» የሚለው ከማስከሬዱ በላይ ይሁን። ቆጣሪውን አንብቡ፤ ቆጣሪ ሰው አይፈራም፣ ሰው አያፍርም።

3. ሩል ካስተካከላችሁ በኋላ የድሮውን ኮኔክሽን ከሰንጠረዡ አጥፉ። ካልሆነ ትክክለኛውን መፍትሔ «አልሠራም» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

4. ከራውተሩ ከራሱ ፒንግ ስታደርጉ የላኪውን አድራሻ የውስጡን አድርጋችሁ ምረጡ። ካልመረጣችሁ በውጭው አድራሻው ሊልክ ይችላል፤ ያ ደግሞ ከታነሉ መመሪያ ጋር አይገጥምም፤ ጤነኛውን ታነል ታማሚ ትሉታላችሁ።

5. ታነሉ ጭራሽ ካልተነሳ፣ ራውተራችሁ ራሱ ከሌላ ናት ጀርባ መሆኑን ጠይቁ። አይፒሴክ የሚጠቀምበት ኢኤስፒ የፖርት ቁጥር የለውም፤ ፖርት እያየች መዝገብ የምትይዝ ጸሐፊ ግራ ይገባታል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ስታንዳርድ መሠረት በዩዲፒ 4500 ተጠቅልሎ የሚሄደው። ዩዲፒ 500 እና 4500 ክፍት ይሁኑ።

6. ሁለቱም ግቢ 192.168.1.0/24 ከሆኑ ከመጀመሪያው አንዱን ቀይሩ። መቀየር ካልተቻለ ለታነሉ ብቻ የሚሆን የአንድ ለአንድ የአድራሻ ቅየራ ያስፈልጋል፤ ራስ ምታት ነው።

7. ፒንግ እያለፈ ትልቅ ፋይል የሚንጠለጠል ከሆነ የፓኬቱን መጠን ጠርጥሩ። 1500 ባይት የሆነው ፓኬት ላይ የከረጢቱ ክብደት ሲጨመር አያልፍም።

8. ይቺኛዋ በመጽሐፍ የለችም። ሌላውን ሰው ከመጥራታችሁ በፊት «ከመበላሸቱ በፊት እኔ ምን ነካሁ?» በሉ። ይሄን ብል ኖሮ አራት ሳምንት አይፈጅም ነበር። አምስት ደቂቃ ይበቃው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የልጁ ሥራ ትክክል ነበር» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። እቆጣለሁ ብዬ ስጠብቅ «ታዲያ አሁን ይሠራል?» አሉኝ። ይሠራል አልኳቸው። የልጁ ክፍያ በዚያው ሳምንት ተለቀቀ። ስታፍ ሩም ውስጥም ሰው ባለበት፣ በዚያው በተናገርኩበት ቦታ ቆሜ መልሼ ተናገርኩ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ደወልኩለት። «ቲቸር፣ ችግር የለውም። እኔም እሱን ስህተት ሠርቼዋለሁ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳያማርር፣ እንደ ዜና ብቻ፣ አንድ ሌላ ትምህርት ቤት ሊሰጠው የነበረውን ሥራ እንደተወበት ነገረኝ። «የእናንተን ሰምተው ነው መሰለኝ» አለ። ያ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ አይመለስም።

ይሄን እዚህ የምጽፈው ለዚህ ነው። ሩሉን አስተካክያለሁ፣ የድሮው ንግግር ግን አሁንም በከተማው እየዞረ ነው። ከእኔ የወጣው ቃል የት የት እንደደረሰ ማወቅ አልችልም፤ አንድ በአንድ እየሄድኩ ማጥፋትም አልችልም። የምችለው ይሄን ያህል ነው። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ያላችሁ፣ ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ ክሊኒክ ያላችሁ፣ «የዚያ ትምህርት ቤት ኔትወርክ የተበላሸው ልጁ ስላላወቀበት ነው» የሚል ከሰማችሁ፣ ያ ቃል ከእኔ አፍ የወጣ ነው፤ ውሸትም ነው። ልጁ የሠራው ዛሬም እሱ እንዳስቀመጠው ቁጭ ብሎ እየሠራ ነው። ሥራ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኩን ፈቃዱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ።

ለአንተ ደግሞ፦ ይሄን እንደምታነብ አውቃለሁ። 10ኛ ክፍል እያለህ ቦርድ ላይ የጻፍኩትን ቁጥር «ቲቸር፣ ተሳስተዋል» ብለህ ያረምከኝ ቀን ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ክፍሉ ፊት «ጎበዝ» ብዬህ ነበር። አሁን ስትነግረኝ «ጎበዝ» ማለት ለምን እንዳቃተኝ ብዙ አሰብኩበት። ያኔ አንተ ልጅ ነበርክ፣ እኔም አስተማሪ። አሁን ሁለታችንም ባለሙያ ነን፤ እኔ እሱን መቀበል ነው ያቃተኝ። ይቅር በለኝ።

የራውተሩን አዲስ ፓስወርድ ልኬልሃለሁ። ግባና ቀሪውንም እይልኝ።